ጠባሳ አልባ የደረት ቀዶ ጥገና፦ አሳማውን ስለ ሕመሙ ማን ጠየቀው?

በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ይህን ክር (የጥያቄና የመልስ ሰንሰለት) የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ መጀመሪያ የራሴን ጥያቄ፣ ቀጥሎ የመጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው እየጠራሁ አወጋችኋለሁ። የሰዎቹን ቃል አልገለበጥኩም፤ የገባኝን ነው የምጽፈው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የዛሬ አራት ዓመት በካሜራ የታገዘ የደረት ቀዶ ጥገና ተደርጎልኛል። ከቀኝ ሳንባዬ ላይ አንዲት እብጠት ተቆርጣ ወጣች። ክፉ በሽታ አልነበረም፤ ተመስገን። ጎኔ ላይ ሦስት ጠባሳ ቀረ። ሁለቱ ከጥፍር አይበልጡም፣ ሦስተኛው የአውራ ጣት ያህል ነው። መስታወት ፊት ካልቆምኩ ትዝም አይሉኝ።

የማልረሳው ሌላ ነገር ነው። ከቀኝ ጡቴ ሥር መዳፍ የምታህል ቦታ አለች። ሸሚዝ ሲነካት ታቃጥለኛለች። ሌሊት አንሶላ ሲያልፍባት እንደ ሳማ ትለበልበኛለች። ጣቴን አጥብቄ ስጫናት ግን ምንም የለም። ቀላሉ ነገር ያማታል፣ ከባዱ አያማትም። ሐኪሜ እንዳስረዳኝ ከእያንዳንዱ ጎድን አጥንት በታችኛው ጠርዝ በኩል አንድ ነርቭ ያልፋል። መሣሪያው በሁለት ጎድን አጥንቶች መሃል ገብቶ ወዲያ ወዲህ ሲል ያንን ነርቭ ይጫነዋል። ነርቭ ደግሞ ቂመኛ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። በዚህ መሃል ነው ኖትስ የሚባለውን፣ ብዙዎች ጠባሳ አልባ ቀዶ ጥገና የሚሉትን ያገኘሁት። ሐሳቡ ቆዳን ሳይቀዱ፣ ሰውነት በራሱ ባለው ቀዳዳ ገብቶ ውስጥን ማከም ነው። ለደረት ሲሆን በአፍ ይገባና የምግብ ቧንቧውን ግድግዳ ከውስጥ ሰንጥቆ ወደ ሳንባው ዙሪያ ይወጣል። ሌሎች በእምብርት ገብተው ድያፍራሙን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) በማለፍ ሞክረዋል፤ በእምብርቱ የሚቀረው ጠባሳ እጥፋቱ ውስጥ ስለሚደበቅ ከዚሁ ጎራ ይቆጠራል። መጀመሪያ የተሞከረው በአሳማና በውሻ ነው። ካነበብኳቸው ሪፖርቶች ብዙዎቹ ሲጀምሩ የጎድንን ሕመም ማስቀረት እንደሚፈልጉ ይናገራሉ። ከዚያ የሚለኩት ግን ካሜራው መድረሱን፣ ደም መፍሰሱን፣ ቀዳዳው መዘጋቱን፣ መግል መያዙን ነው። ሕመሙን ፈልጌ ፈልጌ ብዙ ጊዜ አጣሁት።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። በአፉ በኩል የተሠራው አሳማ በጎኑ ከተሠራው ያነሰ እንዳመመው በምን ታወቀ? ካልታወቀስ፣ ያ ሁሉ እንስሳ የሞተው የትኛውን ጥያቄ ለመመለስ ነው?

ቁጥር 1 የመጣው ከአንድ የቀዶ ጥገና ሬዚደንት (ገና በሥልጠና ላይ ካለ ሐኪም) ነው። በጣም ትሑት ልጅ። መጀመሪያ አይዞሽ አለኝ፣ ከዚያ ታሪኩን አስከተለ። በ2004 አንቶኒ ካሉና ባልደረቦቹ በጆንስ ሆፕኪንስ በአሳማ ጨጓራ በኩል ወደ ሆድ ዕቃ መግባት እንደሚቻል በጽሑፍ አሳዩ። ሙያው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ተነቃነቀ። ብዙም ሳይቆይ ዓይኖች ወደ ደረት ዞሩ። ደረት ግን ሆድ አይደለም። የምግብ ቧንቧ ጨጓራና አንጀትን የሚያለብሰው የውጭ ሽፋን የለውም፤ ስፌቱን የሚደግፍ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው። በዙሪያው ልብ፣ ትልቁ የደም ቧንቧና ሳንባ አሉ። የተሰነጠቀው ቦታ ካፈሰሰ የአፍ ተሕዋስያን በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ይፈስሳሉ፤ ያ ደግሞ በቀናት ውስጥ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይዘጋል ወይ የሚል እንጂ ያማል ወይ የሚል እንዳልነበረ አስረዳኝ። እንስሳቱ የሞቱት ለዚያኛው ጥያቄ ነው ብሎ ደመደመ።

ፊት ለፊት የተሰጠ መልስ ነው፤ አከበርኩት። ግማሹን ብቻ ግን ነበር የመለሰው።

ቁጥር 2 ክሩን እየተከታተለ መሆኑን ለማሳወቅ ብቻ ገብቶ ወጣ።

በቁጥር 3 አንድ አንጋፋ የደረት ቀዶ ሐኪም መጡ። በሥልጠና ላይ ሳሉ አንድ አሳማ በአፍ በኩል ሲሠራ አጠገቡ ቆመው አይተዋል። የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሳማው በጀርባው ተኝቷል፣ የመተንፈሻው ቱቦ አፍንጫው ላይ በፕላስተር ተጠቅልሎ ታስሯል። ካሜራው የምግብ ቧንቧው ውስጥ ወርዶ ይቆማል። በመርፌ ሰማያዊ ቀለም ያለው ጨዋማ ውሃ ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ይረጫል፣ ሽፋኑ እንደ ፊኛ ብድግ ይላል። እሱን ትንሽ ቀደው ካሜራው በሽፋኑና በጡንቻው መካከል ሾልኮ ይገባል። ቀጥ ብለው ወደ ውጭ አይበሱም። በሰማያዊው ሸረሪት ድር መሰል ሥጋ ውስጥ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ዋሻ ይቆፍራሉ። ጡንቻውን የሚሰነጥቁት ከዋሻው ማዶ ነው። ሁለቱ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት አይተያዩም። ሲወጡ ሽፋኑ እንደ መጋረጃ ይወርድና ዋሻውን ይሸፍነዋል። የዋሻው አፍ ላይ ጥቂት ክሊፕ፣ በቃ። ይህን የሽፋን ብልሃት ለደረት በ2007 ያሳወቀው የማዮ ክሊኒክ ቡድን መሆኑን ጨመሩ። የሱሚያማና የጎስታውት ስም አብሮ ይነሳል።

ጡንቻው ሲከፈት ስክሪኑ ላይ የታየውን ሲገልጹ ግን የሐኪም ቋንቋቸውን ተዉት። ከሰማያዊው ጨለማ ድንገት ብርሃን ሆነ፣ ሐምራዊና የሚያብረቀርቅ ሳንባ ከካሜራው ፊት ተነፈሰ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዝም አሉ። አሳማው ከሰመመኑ ሳይነቃ በዚያው ሞተ፤ ዕቅዱም ያ ነበር። እሳቸው ዛሬም የሚያስቡት ስለ ሳንባው ነው። እኔ የማስበው ስለ አሳማው ነው። ይህን ልጽፍላቸው ፈልጌ ተውኩት።

ቁጥር 4 የታሪክ ሰው ነው። ቁጥር 1ን በትሕትና አረመው። ነገሩ በ2004 አልተጀመረም አለ። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኬሊንግ በ1901 ሃምቡርግ ላይ የውሻ ሆድ ውስጥ አየር ነፍቶ ለሽንት ፊኛ ምርመራ በተሠራ መነጽር አሳይቷል። ስዊድናዊው ሃንስ ክርስቲያን ያኮቤዩስ በ1910 የሰውን ደረትና ሆድ በተመሳሳይ መንገድ እንዳየ ጻፈ። በመካከሉ ዘጠኝ ዓመት ብቻ አለ። ያቺ ውሻ ስም እንዳላት የመዘገበ የለም ብሎ ነው የጨረሰው።

ቁጥር 5 የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ከሁሉም ረጅሙን የጻፈችው እሷ ናት፣ ለእኔም ብዙ የከፈተልኝ ጽሑፏ ነው። አሳማና ውሻ በአራት እግር ይቆማሉ። ደረታቸው ጠባብና ጥልቅ ነው፣ የእኛ ከፊት ወደ ኋላ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ስለዚህ የምግብ ቧንቧው ከጀርባ አጥንት፣ ከልብና ከሳንባ ጋር ያለው አቀማመጥ አንድ አይደለም። አሳማ ላይ ግራ ጎኑ በኩል ትልቅ የደም ሥር ያልፋል፤ በሰው ያ ሥር ዋናው በቀኝ ነው። የአሳማው ቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል አየር የሚያገኘው ዋናው የአየር ቧንቧ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ከሚወጣ ቅርንጫፍ ነው። አንዱን ሳንባ ዘግቶ በሌላው ማስተንፈስ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ውሻ ላይ ደግሞ ሁለቱን የደረት ክፍሎች የሚለየው መጋረጃ እጅግ ስስ ነው፤ በአንድ ጎን የገባ አየር ብዙ ጊዜ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሁለቱም ሳንባ ይኮማተራል፣ ውሻው ይታፈናል። ሰው ላይ ያ አደጋ በዚያው መልክ የለም።

ቀጠለች። የውሻ የምግብ ቧንቧ ጡንቻ ከላይ እስከ ታች እንደ ክንድ ጡንቻ ያለው ዓይነት ነው። የአሳማም አብዛኛው እንደዚያ ነው። የእኛ የታችኛው ክፍል እንደ አንጀት ያለ ልስልስ ጡንቻ ነው። የተሰነጠቀው ጡንቻ እንዴት ይድናል የሚለው መልስ ከእንስሳው ተገልብጦ ወደ ሰው አይሄድም። ደግሞ ለሙከራ የሚመጣው አሳማ ወጣትና ጤነኛ ነው። ሳንባው ከደረቱ ግድግዳ ጋር አልተጣበቀም፤ አላጨሰም፣ ሳንባ ነቀርሳ አልያዘውም። ቀዶ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የሚያገኘው ሰው እንደዚያ አይደለም። አሳማ ይዋሻል ማለቷ አይደለም። በተጠየቀው ልክ ይመልሳል፤ ከዚያ በላይ ከሱ መጠበቅ የኛ ስህተት ነው የሚል ነው ነጥቧ።

ቁጥር 6 አጭር ነበር። ያኔ በአፍ በኩል እንሥራሽ ቢሉሽ ኖሮ እሺ ትይ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልመልስ ጀምሬ አጠፋሁት። ዝግጁ አልነበርኩም።

ከ7 እስከ 9 ያሉት መንገድ ሳቱ። እጁን ከመጠን በላይ የሚያልበው አንድ ወጣት ገባ። ወረቀት ላይ ሲጽፍ እጁ ያረጥበዋል፣ ሰው መጨበጥ ያፍራል። በእምብርት በኩል የሚሠራ ቀዶ ጥገና አለ ሲባል ሰምቶ ነው የመጣው። አለ፤ ፉጂያን፣ ቻይና ውስጥ እነ ዡ ሊኋን በእምብርት ገብተው፣ ድያፍራሙን በቀጭን ካሜራ አልፈው፣ እጅን የሚያልበውን ነርቭ ደረት ውስጥ እንደቆረጡ በ2013 ጽፈዋል። ከተለመደው የጎን ቀዶ ጥገና ጋርም አነጻጽረውታል። ይህን የነገረው ያው ሬዚደንት ነው። ቁጥር 8 ግን ነርቩ በየትም ገብቶ ይቆረጥ፣ ከዚያ በኋላ ላቡ ጀርባና ጭን ላይ እጥፍ ሆኖ ሊመጣ እንደሚችል አስጠነቀቀው። ራሱ ላይ ደርሶበታል። ቀን ሁለት ጊዜ ሸሚዝ ይቀይራል። ልጁ አመስግኖ ሄደ። አወያዩ ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ አሳሰበ፤ እኔ ግን ያ መንገድ መሳት ለአንድ ሰው ጠቅሞታል ብዬ አምናለሁ።

ቁጥር 10 ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊዋ ስለ ውሾቹ ስታነብ እንቅልፍ አጥታለች። ታይዋን ውስጥ በቻንግ ጉንግ መታሰቢያ ሆስፒታል በአፍና በእምብርት በኩል ደረት የመክፈት ሙከራ የተደረገው በውሾች ላይ ነው። ሰው ያመነ እንስሳ ጠረጴዛ ላይ መጋደሙ አንገበገባት። ከዚያ ይህ ሁሉ ለቁንጅና ነው አለች። ጠባሳ ላለማየት ሲባል ውሻ ማረድ ነው አለች።

በቁጥር 11 መለስኩላት። ስለ ውሾቹ የተናገረችውን አልተከራከርኩም። ስለ ቁንጅናው ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ስሙ ነው ያሳሳታት። ጠባሳ አልባ ሲባል ማንም ሰው ቆዳውን ያስባል። እኔን ጠባሳዬ አያስጨንቀኝም፤ ሦስት ሳይሆን ሠላሳ ይሁን። የምፈልገው ሸሚዝ ስለብስ እንዳልሳቀቅ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ፤ የኔ ጎን እንደዚያ ነው።

ቁጥር 12 ለሁለታችንም አልራራልንም። እኔ በሕይወት የቆየሁት ቀድሞ በእንስሳ በተለማመዱ እጆች መሆኑን አስታወሰኝ። ማደንዘዣው፣ ስቴፕለሩ፣ ሳንባን ማስተኛቱ ሁሉ በእንስሳ አልፏል። ድነሽ ከተነሣሽ በኋላ ስለ አሳማ መቆርቆር ምስጋና ቢስነት ነው አለኝ። ከበደኝ። ሌሊቱን ሳብሰለስለው አደርኩ። እውነትነት አለው። ግን ባለ ዕዳ መሆኔ እንዳልጠይቅ ሳይሆን አጥብቄ እንድጠይቅ ነው የሚያስገድደኝ። ይህንኑ ጻፍኩለት፤ አልመለሰም።

ቁጥር 13 ጠቡን ለማብረድ የሞከረ ነው። በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ያስቀመጡትን ሦስት መርሕ አነሳ። እንስሳን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ስቃዩን ማቅለል። የአውሮፓ ኅብረት የ2010 መመሪያ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ቁጥር 14 መተካት የሚለውን ይዞ ሮጠ። ሲሙሌተር (የልምምድ ማሽን) አለ፣ አስከሬን አለ፣ ለምን ሕይወት ያለው ነገር? የደረት ሐኪሙ በ15 ተመልሰው መጡ። አስከሬን መንገዱን ያሳያል፤ ግን አይተነፍስም፣ አይደማም፣ ልቡ ካሜራውን አይገፋም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አይድንም። የተዘጋው ቀዳዳ በአሥረኛው ቀን ምን እንደሚሆን ከአስከሬን አይታወቅም። ስለዚህ ልምምዱ ሁሉ በሌላ ዘዴ ይሁን፣ እንስሳው ግን የመዳኑን ጥያቄ ብቻ ይመልስ የሚል አቋም ያዙ። ብዙ ሰው ተስማማ፤ እኔም።

ቁጥር 16ን ማንም አልጠበቀውም። ለሙከራ የሚቆዩ አሳማዎችን ዓመታት የተንከባከበ ሰው ነው። ቀዶ ጥገናውን አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሁለት ዓይነት አሳማ እንዳለ ነገረን። አንዱ ከሰመመኑ ሳይነቃ ያልፋል። ሌላው ነቅቶ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይኖራል፣ መጨረሻ ላይ እንዲያልፍ ተደርጎ ውስጡ ይታያል። የሱ ሥራ ከሁለተኛው ጋር ነው። ጠዋት በሩን ሲከፍት ድምፁን ያውቁታል። በማስታወሻው ላይ የሙቀት ቦታ አለ፣ የክብደት ቦታ አለ፣ የመኖ ቦታ አለ። ጎኑ ተቀዶ የነበረ አንድ አሳማ ግን አይረሳውም። መኖውን በልቶ ይጨርሳል፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱ ደህና ነው። ሲተኛ ግን ሁልጊዜ በአንድ ጎን ነው። ገለባ ሲለውጥለት ጭዱ የተቀደደውን ጎኑን ከነካው ብድግ ብሎ ይሸሻል። በእጁ ጠበቅ አድርጎ ሲይዘው ደግሞ ዝም ይላል። ያንን የሚጽፍበት ቦታ ማስታወሻው ላይ አልነበረም። ሙቀት ደህና ብሎ ጻፈ።

ይህን ሳነብ እጄ ሳላውቀው ወደ ጎኔ ሄደ። ቀላሉ ነገር ያማል፣ ከባዱ አያምም። አሳማው ሲናገር ነበር። የሚሰማው ሰው ነበረ፤ የሚጻፍበት መስመር ነበር የጠፋው።

በ17 የእንስሳት ሐኪሟ ተመለሰች፣ ጥያቄዬንም ገለበጠችው። እንስሳን ስለ ሕመሙ መጠየቅ ይቻላል አለች። የፊታቸውን ገጽታ በነጥብ መመዘን፣ አተኛኘታቸውን መቁጠር አለ። ከዚያም አልፎ የተለያየ ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን የናይሎን ክሮች አሉ። ቁስሉ አጠገብ ቆዳውን በክሩ ይነኩታል፤ እንስሳው በየትኛው ክር እንደሚሸሽ ይመዘገባል። ያ የአንቺ ሸሚዝ ማለት ነው አለችኝ። ጨመረችና በ2004 ተመራማሪዎች ይህንኑ በአይጦች ላይ እንዳደረጉ ነገረችን። ሁለት ጎድን አጥንቶችን ለአንድ ሰዓት ለያይተው ይዘው፣ ከዚያ ለሳምንታት በክር እየነኩ ተከታትለዋል። ግማሽ ያህሉ አይጦች በቀላል ንክኪ የሚታመሙ ሆኑ።

2004ን ልብ በሉልኝ። የካሉ የአሳማ ጽሑፍ የወጣበት ዓመት ነው። በአንድ ዓመት፣ አንዱ ወገን በተፈጥሮ ቀዳዳ መግባትን ሲያሳይ ሌላው ወገን የጎድን ሕመም በእንስሳ ሊለካ እንደሚችል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ደረትን ያለ ጎድን ስንጥቅ ልንሠራ ነው ያሉት ሰዎች ያንን ክር አንስተው አሳማቸውን ቢነኩት ምን ነበረበት? በ17 ያልተዋጠልኝ ይህ ነው። ጥያቄውን ስከፍት እንስሳው አይናገርም ብዬ ነበር የተነሳሁት። ተሳስቻለሁ።

ቁጥር 18 ያቺው ውሾቹ ያሳዘኗት ሴት ናት፣ አሁን የባሰ ተቆጥታ። ሕመም ለመለካት እኮ እንስሳው ታሞ መቆየት አለበት አለች። ለወራት የሚቆይ ሕመም ሊለካ ከሆነ ለወራት የሚቆይ ስቃይ ልትሰጡት ነው። በሰመመን ውስጥ እንዳለ ቢያልፍ ይሻለዋል። ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠ የለም። የእንስሳት ሐኪሟ ለሕመም ማስታገሻ እየተሰጠም መለካት እንደሚቻል፣ ለማንኛውም ነቅተው የሚቆዩትን እንስሳት ተጨማሪ ሳይጨምሩ መከታተል እንደሚበቃ ተናገረች። ሴትዮዋን አላሳመናትም። እኔንም ግማሽ በግማሽ ነው።

በ19 ሬዚደንቱ ፍሬውን ይዞ መጣ። በምግብ ቧንቧ በኩል ሳንባ ማከም እስካሁን የዕለት ተዕለት ሕክምና አልሆነም። ዋሻው ግን ሆነ። የምግብ ቧንቧው ታችኛ በር አልከፍት የሚልበት አካሌዥያ የሚባል በሽታ አለ። በ2007 እነ ፓስሪቻ በአራት አሳማዎች ላይ በዋሻው ገብተው የበሩን ጡንቻ ከውስጥ ሰነጠቁ። በ2008 ሃሩሂሮ ኢኖዌ ጃፓን ውስጥ በሰው ላይ አደረገው፣ በ2010 የ17 ታካሚዎችን ውጤት አሳተመ። ፖኤም ይባላል፣ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራል። በ2019 የወጣ ትልቅ ንጽጽር ከሁለት ዓመት በኋላ የተሳካው በፖኤም 83 በመቶ፣ በሆድ በኩል በሚደረገው ቀዶ ጥገና ወደ 82 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳየ። እኩል ናቸው ማለት ነው። ነገር ግን በሦስተኛው ወር አሲድ ወደ ላይ እየወጣ የምግብ ቧንቧውን ያቆሰላቸው በፖኤም 57 በመቶ፣ በሌላው 20 በመቶ ነበሩ። ይህን አራቱ አሳማዎች አልነገሩንም ብሎ ልጁ ራሱ አመነ። ፍሬውን ሊያሳየን መጥቶ እሾኩንም አልደበቀም።

ቁጥር 20 ፖኤም የተሠራ ሰው ነው። ዓመታት ውሃ እንኳ ደረቱ ላይ ይቆምበት ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የመጀመሪያዋ ጉንጭ ውሃ ስትወርድ የተሰማውን ሲጽፍ ሁላችንም ደስ አለን። አሁን ቃሩ ስላለ በሁለት ትራስ ከፍ ብሎ ይተኛል፣ ክኒን ይወስዳል። መልሼ እሠራው ነበር አለ።

ቁጥር 21 የታሪኩ ሰው ሬዚደንቱን በድጋሚ አረመው፣ አሁን ቆጣ ብሎ። ፖኤም የደረት ሙከራው ልጅ አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ያደጉ የአንድ ዋሻ ሁለት አጠቃቀሞች ናቸው። በደረቱ ሙከራ የሞቱትን እንስሳት በፖኤም ስኬት ማስመስገን ሒሳብ ማቀላቀል ነው አለ። ሬዚደንቱ ተቀበለ። ቁጥር 22 ስድብ ነበር፣ አወያዩ አነሳው።

በ23 የደረት ሐኪሙ ለእኔ ብለው ጻፉ። ዛሬ ከደረት አጥንቱ ጫፍ ሥር፣ ከሆድ አናት ላይ በምትከፈት አንዲት ስንጥቅ ወደ ሁለቱም ሳንባ መግባት ይቻላል። ጎድን መሃል የሚገባ ነገር የለም፣ ነርቩ ይተርፋል። ቆዳው ላይ ጠባሳ ይኖራል፣ በደንብ ይታያል። መሣሪያው ከሩቅ ስለሚመጣ ሥራው ይከብዳል፣ በግራ በኩል ልብ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ድንገት ደም ቢፈስ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። ለሁሉም ታካሚ አይሆንም። ግን ስሙ ላይ ጠባሳ የሚለው ቃል ባይገባ ኖሮ ምናልባት ሁላችንም ቀደም ብለን ወደዚያ እንመለከት ነበር አሉ።

በ24 ለቁጥር 6 መለስኩ። ከዘገየሁ በኋላ።

በአፍ በኩል ቢሉኝ እምቢ እል ነበር። የምግብ ቧንቧ ቢያፈስ ልሞት እችላለሁ፤ የጎኔ ነርቭ ግን አይገድለኝም። ሕመሜን በሞት አደጋ አልለውጥም። አሳማው የመለሰው የመዘጋቱን ጥያቄ ነው፤ እሱንም በወጣትና በጤነኛ ሰውነት ነው የመለሰልኝ። በሆድ አናት በኩል ቢሉኝ ግን ጠባሳው የፈለገውን ያህል ይርዘም፣ እሺ እል ነበር። ማንም እንደዚያ ያለ መንገድ አለ ብሎ አልነገረኝም። እኔም ጠባሳው ትንሽ ይሆናል ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ጎኔ ስለሚሰማው ነገር አልጠየቅኩም፣ እነሱም አላነሱትም።

ቁጥር 25 የአሳማዎቹ ተንከባካቢ ነው። ከስድስት ወር በፊት ከዚያ ሥራ ወጥቷል። በቦታው የገባችውን ልጅ ደውሎ አግኝቷታል። ከማስታወሻው ኅዳግ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር እንድትጨምር ነግሯታል፤ በየትኛው ጎኑ ተኛ የሚል።